መዶሻውና ብዕሩ፦ ስለ ቁሶች ጥንካሬ ዕውቀት ታሪካዊ አስተያየት

፩. ጥያቄው የማን ነው?

ብረት ለምን ይሰበራል? ግድግዳ ለምን ይሰነጠቃል? ገመድስ ስንት ኩንታል ሲጎትት ይበጠሳል? «ይኼ ደግሞ ለታሪክና ለቋንቋ ተማሪ ምኑ ነው?» የሚል ወንድም እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ግጥምና አጭር ልብ ወለድ በሚጠበቅበት ገጽ ላይ ስለ ብረትና ስለ ጭቃ ሲወራ ቅር የምትሰኝ እኅትም ትኖር ይሆናል። ይሁን እንጂ ነገሩን ጠለቅ ብለን ካየነው ጥያቄው የመሐንዲሶች ብቻ አይደለም፤ የታሪክም ጥያቄ ነው። እንዲያውም በአገራችን ታሪክ ውስጥ ተደጋግሞ የተነሣ፣ ግን ተደጋግሞ በእንጥልጥል የቀረ ጥያቄ ነው።

የምህንድስና ጓደኞቻችን ገና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት «ስትሬንግዝ ኦፍ ማቴሪያልስ» እያሉ የሚፈሩት ኮርስ አለ። ሰፋ ብሎ ሲጠና «ሜካኒክስ ኦፍ ማቴሪያልስ» ይባላል፤ እኔ በዚህ ጽሑፍ የቁሶች መካኒክስ እለዋለሁ። ሥራው በአጭሩ ይኸው ነው፦ አንድ ቁስ ሲሳብ፣ ሲጨመቅ፣ ሲታጠፍ ወይም ሲጠመዘዝ ምን ያህል እንደሚችል፣ መቼ እንደሚለጠጥ፣ መቼ እንደሚሰነጠቅ አስቀድሞ ማወቅ። ቤት ከወደቀ በኋላ ማልቀስ ሳይሆን ከመውደቁ በፊት ማስላት ማለት ነው።

ይህ ዕውቀት በአገራችን ጭራሽ አልነበረም ማለት ታሪክን መካድ ይሆናል። ነበረ። ግን በእጅ ውስጥ ነበረ፤ እጁም የተናቀ እጅ ነበረ። የሚጽፈው አይቀጠቅጥም፤ የሚቀጠቅጠው አይጽፍም። መዶሻና ብዕር በአንድ አገር እየኖሩ ሳይተዋወቁ ብዙ መቶ ዓመታት አለፉ። የዚህ ጽሑፍ ቁም ነገርም ይኸው ነው፤ ዛሬ በዚህ የጥናት መስክ ያለውን የሥራና የምርምር በር በትክክል ለማየት ያ መለያየት ምን እንዳስከፈለን ማወቅ አለብን።

፪. የአክሱም ድንጋይና የቬኒስ ሠራተኛ

ከአክሱም እንጀምር። የአክሱም ጠራቢዎች ከከተማው በስተ ምዕራብ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኘው ጎቦ ዱራ ድንጋይ ፈልጠው፣ ጎትተው፣ ቀርጸው አቁመዋል። ዛሬም ዘንበል ብሎ የቆመው ሐውልት 23 ሜትር ያህል ይረዝማል። ወደ ሮማ ተወስዶ የነበረው 24 ሜትር ያህል ሲሆን ክብደቱ ከ150 ቶን በላይ ነው። ከሁሉም የሚበልጠው፣ 33 ሜትር ርዝመትና 520 ቶን ገደማ ክብደት ያለው ግን ተሰባብሮ መሬት ላይ ተጋድሟል። ብዙ አጥኚዎች እንደሚሉት ሲቆም ሳለ፣ ወይም ከቆመ ብዙም ሳይቆይ ነው የወደቀው። መሬት ውስጥ የተቀበረው ሥሩም ለቁመቱ አልበቃም።

ለምን? ጠራቢዎቹ ሰነፎች ስለነበሩ አይደለም። ያ ዓይነት እጅ ስንፍና አያውቅም። ምክንያቱን ለመረዳት ባሕር ተሻግረን ወደ ኢጣሊያ እንሂድ። ጋሊሌኦ ጋሊሌይ በስተርጅናው የጻፈውና እ.ኤ.አ. በ1638 በሆላንድ አገር በላይደን ከተማ የታተመው መጽሐፍ፣ የቁሶችን ጥንካሬ እንደ ሳይንስ የመረመረ የመጀመሪያው ታላቅ ሥራ ተብሎ ይቆጠራል። መጽሐፉ በሦስት ሰዎች ጭውውት የተቀነባበረ ነው። ጭውውቱ የሚጀምረው ከፍልስፍና አዳራሽ አይደለም፤ ከቬኒስ የመርከብ መሥሪያ ነው። የተማሩት ሰዎች የአናጢዎቹንና የመርከብ ሠሪዎቹን ልምድ እያነሡ፣ «ትልቅ መርከብ ሲሠራ ከትንሹ ይልቅ ብዙ ድጋፍ ለምን ያስፈልገዋል?» በሚለው ነገር ላይ ይከራከራሉ።

መልሱ ቀላል ቢመስልም ጥልቅ ነው። አንድን ድንጋይ በርዝመቱም፣ በወርዱም፣ በውፍረቱም እጥፍ ብታደርገው ክብደቱ 8 እጥፍ ይሆናል። ክብደቱን የሚሸከመው የመስቀለኛ ገጹ ስፋት ግን 4 እጥፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ነገር እየገዘፈ ሲሄድ በራሱ ክብደት ፊት እየደከመ ይሄዳል። በ23 እና በ24 ሜትር ላይ የተሳካው ብልሃት በ33 ሜትር ላይ ሳይበቃ ቢቀር ታዲያ ምን ይደንቃል? ተፈጥሮ የትልቁንና የትንሹን ሕግ ለየብቻ ነው የምታስከብረው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ እንበል። አንደኛ፣ የእጅ ዕውቀት ብቻውን ወሰን አለው፤ እጅ የሚያውቀው ከዚህ በፊት የሠራውን ነው፣ ተሠርቶ የማያውቀውን ለመገመት ስሌት ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ በቬኒስ ስሌቱ የተወለደው የተማረው ሰው ወደ ሠራተኛው ወርዶ ስላዳመጠ ነው። ከዚያ ወዲያ እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1678 የመለጠጥን ሕግ አሳተመ። እ.ኤ.አ. በ1921 ደግሞ ግሪፊዝ የተባለ መሐንዲስ፣ መስታወት ከሚጠበቅበት ኃይል በጣም ባነሰ የሚሰበረው በውስጡ ባሉ ዓይን በማያያቸው ስንጥቆች የተነሣ መሆኑን አስረዳ። አንዱ የሌላውን ጽሑፍ እያነበበ ሰንሰለቱ ሳይበጠስ መጣ። በእኛ ዘንድ የጠፋው ይህ ሰንሰለት ነው። የአክሱም ጠራቢ ስህተቱን አይቶ የተማረው ትምህርት ይኖር ይሆናል፤ ግን ለልጅ ልጁ በጽሑፍ አልደረሰም።

፫. ጋፋት

ሰንሰለቱን ለመቀጠል ከተሞከሩት ሙከራዎች ሁሉ ልብ የሚነካው የዐፄ ቴዎድሮስ ነው። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት በተባለው ቦታ ዋልድማየርንና ሌሎች አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ አሠሩ። በጋፋት የአገሬው ወጣቶች ፊደልና ሙያ የሚማሩበት ትምህርት ቤትም ነበረ። ሚሲዮናውያኑ የመጡት ወንጌል ሊያስተምሩ ነበር፤ ንጉሡ ግን የፈለጉት እጃቸውን ነው።

እስቲ የሥራውን ክብደት እናስበው። ብረታ ብረት ለማቅለጥ በመጀመሪያ ሙቀቱን የሚችል ምድጃ ያስፈልጋል፤ ምድጃው ራሱ ከቀለጠ ወይም ከተሰነጠቀ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው። ቀጥሎ የቀለጠው ብረት በሻጋታው ውስጥ አረፋ ሳይቋጥር መቀዝቀዝ አለበት፤ አረፋው የስንጥቅ መነሻ ይሆናልና። በመጨረሻም ባሩዱ ሲቀጣጠል የሚፈጠረው ግፊት የመድፉን ግድግዳ ከውስጥ ወደ ውጭ ይወጥረዋል፤ ግድግዳው ከሳሳ መድፉ ጠላትን ሳይሆን ተኳሹን ይገድላል። ጋፋት ውስጥ እንግዲህ ዛሬ በሦስት አራት ኮርስ ተከፋፍሎ የሚሰጠው ትምህርት በአንድ ምድጃ ፊት በጭንቀት ይሠራ ነበር ማለት ነው።

ሴባስቶፖል ተብሎ የተሰየመው ወደ 7 ቶን የሚጠጋው መድፍ ከዚያ ወጣ። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ፣ መንገድ እየተቆፈረለት፣ ወራት ፈጅቶ መቅደላ ደረሰ። የሚያሳዝነው ግን ይህ ሁሉ ድካም በጦርነቱ ዕለት ለውጤት አልበቃም። ንጉሡ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን ሠዉ። አውሮፓውያኑ ባለሙያዎች ከእንግሊዝ ጦር ጋር አገሩን ለቀው ወጡ፤ ዕውቀቱም አብሮአቸው ሄደ። ሴባስቶፖል መቅደላ ላይ ቀረ፤ አምሳያው በአዲስ አበባ አደባባይ ቆሟል። መድፉ አለን፤ መድፉ እንዴት እንደተሠራ፣ ስንት ጊዜ ሳይሳካ እንደቀረ፣ ምን ያህል ከምን ጋር እንደተቀላቀለ በአገራችን ሰው እጅ የተጻፈ የሙያ መዝገብ ግን አልወረስንም። ዜና መዋዕል ጸሐፊው የንጉሡን ቁጣ ጻፈ እንጂ የምድጃውን ሙቀት አልጻፈም።

፬. ገል፣ ጭድና ቃጫ

ከነገሥታቱ ታሪክ ወረድ ብለን ደግሞ የየዕለቱን ሰው እንይ። የጭቃ ቤት የሚሠራ ባላገር ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር አቡክቶ ለቀናት እንዲብላላ ይተወዋል። ለምን ቢሉት «እንዲይዝ ነው» ይላል። ልክ ነው። የደረቀ ጭቃ ሲጨመቅ ይችላል፤ ሲሳብ ግን ቶሎ ይሰነጠቃል። ጭዱ ስንጥቁን በድልድይ መልክ ይዞ እንዳይሰፋ ያደርገዋል። ዛሬ አውሮፕላን የሚሠራበት በክር የተጠናከረ ቁስ፣ ኮምፖዚት የሚሉት፣ መሠረተ ሐሳቡ ይኸው ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለካ የምህንድስና ሕግም ኖሯል።

ሸክላ ሠሪዋ ደግሞ የተሰበረ ገል ፈጭታ፣ ወይም አሸዋ ጨምራ፣ ከሸክላ ዐፈሩ ጋር ትለውሳለች። ገሉ አስቀድሞ እሳት ያየ ስለሆነ ዕቃው ሲደርቅ በጣም እንዳይኮማተር ይረዳል፤ እሳት ላይ ሲጣድም የጀመረውን ስንጥቅ ያስቆመዋል። ከተሰበረው ማሰሮ የማይሰበረውን ማበጀት! ግሪፊዝ በቀመር ያስቀመጠውን የስንጥቅ ነገር እሷ በጣቷ ታውቀዋለች።

ወደ አካባቢያችን ስንመጣም የሲዳማ ባህላዊ ቤት በቀርከሃ የተጠለፈ ነው፤ ቀርከሃ ክብደቱ ትንሽ፣ ሲታጠፍም ቻይ ነው። እናቶች እንሰት ሲፍቁ ለቆጮ የሚሆነው ከተለየ በኋላ ቃጫው ይቀራል፤ ከቃጫው ገመድና ጆንያ ይሠራል። ይህ ቃጫ ሲሳብ ያለውን ጥንካሬ ለክቶ ከሙጫ ወይም ከሲሚንቶ ጋር ማዋሐድ ዛሬ በአገራችን ተመራማሪዎች ከተያዙት የምርምር ርእሶች አንዱ ሆኗል። ትናንት የቆጮ ተረፈ ምርት የነበረው ዛሬ የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ነው።

ታዲያ ይህን ሁሉ የሚያውቀው ሰው ምን ተባለ? «ቡዳ» ተባለ። ጠይብ፣ ቀጥቃጭ፣ ፋቂ የሚሉት የሙያ ስሞች ስድብ ሆኑ። ማረሻውን ያለ ቀጥቃጭ የማያገኘው ገበሬ ከቀጥቃጭ ጋር ማዕድ መቁረስ ጠላ። በሰሜን የቤተ እስራኤል አንጥረኞችና ሸክላ ሠሪዎች፣ በሲዳማም ሸክላ ሠሪው ሀዲቾ፣ ቆዳ ፋቂው አዋቾ፣ ብረት ሠሪው ቱንቲቾ እየተባለ ከሌላው ጋር እንዳይጋባ ተከልሎ ኖረ። ዐፄ ምኒልክ በጥር 1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ እንደሚቀጣ በዐዋጅ አስነገሩ። ዐዋጁ ታላቅ ነው። ነገር ግን ዐዋጅ ምላስን ለጊዜው ሊይዝ ይችላል እንጂ ልብን አይለውጥም። ዛሬስ ቢሆን «ተምረህ ተምረህ ዕቃ ልትነካካ ነው?» የሚል ዘመድ የሌለው ማነው?

፭. ትምህርት ቤቱ ሲመጣ

ዘመናዊው የምህንድስና ትምህርት በሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ መጣ። በ1945 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የምህንድስና ኮሌጅ ተከፈተ። ከጥቂት ጊዜ በኋላም በስዊድን ርዳታ የሕንፃ ኮሌጁ ተቋቋመ። በ1955 ዓ.ም. ደግሞ በሶቪየት ኅብረት ትብብር የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ሥራ ጀመረ፤ የዛሬው የጨርቃ ጨርቅና የቴክኖሎጂ ትምህርት በባሕር ዳር የተተከለው በዚያ መሠረት ላይ ነው። ወደ እኛ ስንመለስ በ1960ዎቹ መጨረሻ በሐዋሳ የእርሻ ኮሌጅ ተከፈተ፤ ኋላ ደቡብ ዩኒቨርሲቲ፣ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም አለው። በከተማችንም በታቦር ተራራ ስም የተሰየመ የሴራሚክ ፋብሪካ ተተከለ።

መልካም ነው። ግን አስተውሉ። ትምህርቱ የመጣው ከባሕር ማዶ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ነው፤ የገሉንና የጭዱን ዕውቀት ዘልሎ ነው የገባው። ከሴራሚክ ፋብሪካው ደጅ ብዙም ሳይርቅ ገበያ ላይ ጀበናና ድስት የምትሸጥ እናት አለች። አንዱ ሌላውን ያውቀዋልን? ሁለቱም ዐፈር በእሳት የሚያጠነክሩ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ግን የመንገድ ርቀት ሳይሆን የታሪክ ርቀት ነው።

፮. ዛሬ የተከፈተው በር

እንግዲህ ይህን መስክ አጥንቶ ሰው የት ይደርሳል? የሥራውን በር በመጠኑ ልቁጠር።

ግንባታ ቀዳሚው ነው። በየሕንፃው ሥራ ላይ ኮንክሪት ሲሞላ በ15 ሴንቲ ሜትር ሣጥን ናሙና ይወሰዳል፤ በ28ኛው ቀን በማሽን ተጨምቆ ይፈተሻል። ይህን የሚሠራው የላቦራቶሪ ባለሙያ ደመወዙ ብዙ ባይሆንም ኃላፊነቱ ትልቅ ነው። ያልቻለ ኮንክሪት «ችሏል» ብሎ እንዲፈርም የሚገፋፋው አለቃ ወይም ነጋዴ ሊመጣበት ይችላልና። ያን ዕለት የሚፈተነው ኮንክሪቱ ብቻ አይደለም።

ግድብም አለ። በመጋቢት 2003 ዓ.ም. ተጀምሮ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ፣ ዋናው ግድቡ ወደ 145 ሜትር የሚደርስ ከፍታ አለው፤ የተሠራውም በሮለር በሚጠቀጠቅ ኮንክሪት ነው። ኮንክሪት ሲጠነክር ይግላል፤ ግዙፍ ሲሆን ውስጡ ሳይበርድ ላዩ ይቀዘቅዝና ሊሰነጠቅ ይችላል። አየህ፣ የአክሱም የግዝፈት ጥያቄ በሌላ መልክ ተመልሶ መጣ። ግድቡ ተመርቋል፤ ውኃው እስካለ ድረስ ግን ጤናውን የሚከታተል ባለሙያ ያስፈልገዋል።

ባቡርና አውሮፕላንም አሉ። ብረትም ይደክማል! አንድ ጊዜ ቢጫንበት የሚችለውን ሸክም፣ መቶ ሺህ ጊዜ ሲመላለስበት ላይችል ይችላል። ይህን በባቡር ዘንግ ላይ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ያጠናው ጀርመናዊው ቮለር ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ኮሜት የተባሉት የእንግሊዝ አውሮፕላኖች በአየር ላይ የተበታተኑትም በዚሁ በብረት ድካም ነበር። ስለዚህ የአዲስ አበባና የጅቡቲ ሐዲድ፣ እንዲሁም የአየር መንገዳችን የጥገና ክፍል ስንጥቅ አዳኝ ይፈልጋሉ።

ጨርቃ ጨርቅም አለ። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ዋና ሥራው ልብስ ነው። ክር ስንት ሲሳብ ይበጠሳል የሚለው እዚያ የፈተና ጥያቄ አይደለም፤ የገበያ ጥያቄ ነው።

የመሬት መንቀጥቀጥንም አንርሳ። ከተማችን ስምጥ ሸለቆ ላይ ተቀምጣለች። በጥር 2008 ዓ.ም. የደረሰው መንቀጥቀጥ በመጠኑ አነስተኛ ቢሆንም ከተማውን አስደንግጧል፤ ሳይንቲስቶችም ጽፈውበታል። ከስምጥ ሸለቆው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚመረተው ብሎኬት ሲነቃነቅ ምን ያህል ይችላል? የጭቃ ቤቱስ? የቀርከሃ ቤቱስ? ይህ ሌላ አገር ሄዶ የሚፈለግ ርእስ አይደለም፤ መስኮታችን ሥር ነው።

በመጨረሻም ቅርስ አለ። ከሮማ በሦስት ተከፍሎ በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. በአውሮፕላን የተመለሰው ሐውልት በ2000 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ላይ በአክሱም ተመረቀ። የተቆራረጠውን ድንጋይ ለማያያዝ መሐንዲሶቹ ከሰው ሠራሽ ክር የተሠሩ ዘንጎችን ተጠቀሙ። ድንጋይ በክር ተሰፋ ማለት ነው። ይህን ሥራ ለመምራት የታሪክ ዐዋቂና የቁስ ዐዋቂ በአንድ ጠረጴዛ መቀመጥ ነበረባቸው። ላሊበላም ይህንኑ ጉባኤ ይጠይቃል።

በሩ ሁሉ ወለል ብሎ ተከፍቷል ብዬ ግን አልሸነግልም። ማሽን ውድ ነው፤ የተበላሸውን የሚጠግን ይታጣል፤ ተመራቂ ይበዛል፣ ሥራ ይቀጥናል። ቢሆንም ዐፈሩ፣ ቃጫው፣ ቀርከሃውና ድንጋዩ የኛ ናቸው። በሌሎች አገሮች ብረትና መስታወት እስኪሰለች ተለክተዋል፤ የኛን ገል ማን ለካው?

፯. መደምደሚያ

የኛ የታሪክና የቋንቋ ተማሪዎች ድርሻስ? አለ፣ ትልቅም ነው። ቀጥቃጩ የብረቱን ግለት በቀለሙ ሲለይ ምን ምን ይለዋል? ሸክላ ሠሪዋ ጥሩውን ዐፈር ከመጥፎው የምትለይባቸው ቃላት ስንት ናቸው? ፕላስቲክ ጀሪካን እንስራን ከቤት እያስወጣ ነው፤ እንስራው ሲወጣ ቃሉም ይወጣል፤ ቃሉ ሲወጣ ዕውቀቱ ይሞታል። ለዚህ ሥራ ማሽን አያስፈልግም። ደብተር፣ እርሳስ፣ ደግሞም ሳይንቁ የማዳመጥ ትዕግሥት ይበቃል። እኛ የጻፍነውን የምህንድስናው ወንድማችን ይለካው፤ እሱ የለካውን እኛ በአማርኛና በሲዳምኛ እንመልሰው።

ይህ ሕልም ብቻ እንዳይመስል አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ የግእዝ ብራናዎችን በማጥናት ዓለም ያወቃቸው ሊቅ ነበሩ። በ1968 ዓ.ም. በጥይት ቆስለው፣ ቀሪ ዘመናቸውን በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው በአሜሪካ አገር ብራና ሲመረምሩ ኖረው በ2013 ዓ.ም. ዐረፉ። ልጃቸው ፕሮፌሰር ሶስና ኃይሌ ደግሞ አዲስ አበባ የተወለደች፣ በፊውል ሴል ምርምርዋ የታወቀች የቁስ ሳይንቲስት ናት። አባት የመጽሐፉን ቃል፣ ልጅ የቁሱን ባሕርይ መረመሩ። በአንድ ቤት ውስጥ የተቻለው በአንድ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የማይቻልበት ምክንያት ምንድን ነው?

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ገበያ ስትወጡ ከሸክላዋ ሻጭ ዘንድ ጎንበስ በሉ። ዋጋ ከመከራከራችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቋት፦ «እናቴ፣ ዐፈሩ ውስጥ ምን ጨመሩበት?» የምትመልሰውንም ጻፉት።